‹ድገም› የምትለዋ ቃል

ወንድምአገኝ በሕይወቱ ብዙ ነገር ተርጉሟል። የውሃ ፓምፕ መመሪያ ተርጉሟል፣ የስደተኛ ማመልከቻ ተርጉሟል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የአንድ ፈረንጅ የፍቅር ደብዳቤ ለልጅቷ አባት ተርጉሞ ከዱላ ለጥቂት ተርፏል። ዕድሜ ልኩን ስትከነክነው የኖረችው ግን አንዲት ቃል ናት። እሷም የተገኘችው ከጨዋታ መጽሐፍ ነው።

የደብረ ሲና ልጅ ነው። ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲወሰዱ አየና ተራው ሳይደርስ ወጣ። በረሃ ለበረሃ አድርጎ ሀርጌሳ ሲገባ እግሩ ላይ የቀረው አንድ ጫማ ብቻ ነበር። ከተማዋም ሳትጠይቀው ተቀበለችው። ለስደተኞች ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ የውጭ ድርጅት እንግሊዝኛውን ሰምቶ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አደረገው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ዛሬ መሐመድ ሞጌ በሚባለው በከተማዋ ምሥራቅ ጠርዝ፣ ዐሥር ዓመት ኖረ። አላገባም፣ አልወለደም፣ አልከበረም። ሰው ሲጠይቀው «መሸጋገሪያ ነው» ይል ነበር።

መጽሐፉን የተወለት አንድ ረጅም የጉድጓድ መሐንዲስ ነው። ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ፣ ተንከባሎ ዕጣ የሚያወጣ ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ሰጠው። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም፤ ወረቀት፣ እርሳስና አፍ ብቻ ነው። አንዱ ዳኛ ይሆንና ዓለሙን በቃሉ ይሠራል፤ ዋሻ ይቆፍራል፣ ዘንዶ ያስተኛል፤ ሌሎቹ ጦረኛ፣ ሌባ ወይም አስማተኛ እየሆኑ እዚያ ዓለም ውስጥ ይገባሉ። ማን ቀደመ፣ ማን መታ፣ ማን ሳተ የሚለውን ዳይሱ ይወስናል። ዋናዋ፣ ባለ ሃያ ፊቷ ዳይስ፣ ጠፍታ ስለነበር ወንድምአገኝ በሃያ የለስላሳ ቆርኪዎች ላይ ቁጥር ጽፎ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አስቀመጣቸው። ጣሳው ይናጣል፣ ቆርኪ ይወጣል፣ ዕጣ ይታወቃል።

«ይሄማ ያለ ጫት ምርቃና ነው!» አለ ሳማታር፣ ወንድምአገኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስረዳው።

ሳማታር የድርጅቱ ሾፌር ነበር። ሶማሌ ነው፣ ግን ድሬዳዋ ከዚራ ነው ያደገው። አማርኛው እንደ ባቡር ይበርራል፤ ወንድና ሴት ላይ ሲደርስ ግን ሃዲዱን ይስታል። ለእሱ ሁሉም «አንተ» ነው። የድርጅቱን ወጥ ቤት የምትመራዋን ቤርሳቤህን እንኳ «እትዬ፣ ና እስኪ!» ነው የሚላት፤ እሷም ጭልፋዋን ይዛ «ነይ በል! አንተ የምድር ባቡር ልጅ፣ ዐሥር ዓመት አስተምሬህ!» ትለዋለች።

ቤርሳቤህ ዐርባ አምስት ዓመት የሞላት የወረኢሉ ሴት ናት። ጅጅጋ መካኒክ ከነበረ ባሏ ጋር በጦርነቱ ተፈናቅላ መጣች፤ እሱ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳዊቷን ይዛ ትኖር ነበር። አራተኛዋ ዴቆ ናት፣ የሳማታር ታናሽ እህት፣ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል አሣሪ። ወንድሟ ሁለት ቃል በሚናገርበት ጊዜ ግማሽ ቃል ትናገራለች፤ ያቺ ግማሽ ግን መሬት አትወድቅም።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበረምና እነዚህ ይሰበሰባሉ። ወንድምአገኝም መጽሐፉን በሰማያዊ ደብተር ላይ ወደ አማርኛ መለሰላቸው። ጦረኛው ቀላል ነበር። አስማተኛው ላይ ግን ተጨነቀ። «አስማተኛ» ሲል ሰርከስ ሰርከስ ሸተተው፤ ስለዚህ «ደብተራ» አለው። ሳማታር «የሼኽ ልጅ ደብተራ ሆነ! አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይገርፈኛል» እያለ ያንኑ መረጠ። ደብተራው የሚያደርገውን ነገርስ ምን ይበለው? እንግሊዝኛው ድግምቱን «ይወረውራል» ይላል። ድንጋይ ነው እንዴ የሚወረወረው? አንድ ሳምንት አሰበበትና ‹ደገመ› የሚለውን አገኘ። ድግምት ይደገማል፣ ዳዊትም ይደገማል። እንደዚያን ቀን ደስ ያለው ጊዜ ጥቂት ነው። በደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልቁ ጻፈው፤ *ደጋሚ በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ብቻ ይደግማል።*

ጠቡ የተነሳው ያኔውኑ ነው።

«ጥሩ፤ እንግዲህ ሁለቴ ነው» አለ ሳማታር።

«አንድ ጊዜ ይላል እኮ!»

«አንድ ጊዜ ይደግማል ነው የሚለው። ሰው የሚደግመው አስቀድሞ ያደረገውን ነው። ሻሂ ጠጣሁ፣ ደገምኩ፤ ስንት ሆነ? ሁለት! እሳቱን አንዴ ለቀቅኩ፣ አንዴ ደገምኩ። ዘንዶው ሁለቴ ነደደ። ጻፍ!»

ሦስት ዐርብ በዚህ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ዴቆ ቀና ብላ፣ «ቃሉን ቀይረው» አለች።

«ቃሉ ምን አደረገሽ? እንደዚህ ያለ ውብ ቃል...»

«አንድ ቃል ለሁለት ነገር ነው። እኛ ጋ ለሁለት መድኃኒት አንድ ስም ብትሰጥ ሰው ትገድላለህ።»

«ይሄ ጨዋታ ነው፣ ዴቆ።»

እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች። ቃሉ እንደተጻፈ ቀረ።

ቤርሳቤህ ደግሞ መጀመሪያ በሩን እንኳ አላለፈችም። «በስመ አብ! ድግምት ያለበት ቤት አልቀመጥም!» ብላ በረንዳው ላይ ሩዝ እየለቀመች በጆሮዋ ብቻ ትከታተል ነበር። መጽሐፉ ግን ቁስለኛን በጸሎት የሚፈውስ ሰውም አለው። «እትዬ» አላት ወንድምአገኝ፣ «አንቺ ዳዊት ነው የምትደግሚው፤ ድግምት አይደለም።» አሰበችና ሩዟን አስቀምጣ ገባች። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ሳማታር ጣሳውን እየናጠ «እትዬ፣ ድገም!» ይላታል፤ እሷ «ድገሚ በል!» ትልና ዓይኗን ጨፍና አንድ ጸሎት ከራሱ ጀምራ እስከ መጨረሻው ትላለች። መጽሐፉ ይህን አይጠይቅም፤ «ፈወስኩ» ማለት ይበቃል። እሷ ግን ጸሎት በአጭሩ አይሆንላትም። ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃታል፤ ዘንዶውም ጭምር።

የተራው ሥርዓት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ሐሳቡን ይናገራል፤ ከተናገረ በኋላ አይለውጥም። ቀጥሎ ቆርኪ ይወጣል፣ ማን እንደሚቀድም ይታወቃል። ከዚያ የሚራመድ ይራመዳል፣ ቀስተኛ ይወረውራል፣ ባለ ሰይፍ ይመታል። ደጋሚው ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ቆሞ ነው። ድግምቱን የሚጀምረው ከሁሉም ጋር ነው፣ የሚያርፍለት ግን ከሁሉም በኋላ ነው። በዚያ መሃል ከቆመበት መነቃነቅ አይችልም፤ ጠጠር እንኳ ቢነካው ያ ድግምት ከነቃሉ ይጠፋዋል፣ እስከ ማግስትም አያገኘውም። ስለዚህ ደጋሚው አንድ ቢሆንም ሥራው የሁሉም ነው። እሱ ቃሉን እስኪጨርስ ሌሎቹ ተራቸውን እሱን በመጠበቅ ይጨርሳሉ። ሳማታር ይህን ሕግ ጠልቶት ነበር። «ጦረኛው ሲዘል ሲቦርቅ እኔ እንደ ስልክ እንጨት!»

የ1980 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫወቱ። በሳምንቱ አማፅያን ከተማዋ ገቡና ከመንግሥት ጦር ጋር ተኩስ ተከፈተ። ፈረንጆቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአውሮፕላን ወጡ፤ ወታደሮች መጥተው ሁለቱን ደህና መኪኖች፣ የወንድምአገኝን የእጅ ሰዓትና የአሮጌዋን ላንድሮቨር ባትሪ ወሰዱ። ከዚያ አውሮፕላኖቹ ጀመሩ።

ይህን ያላየ ሰው ለማመን ይቸግረዋል። አውሮፕላኖቹ ከሌላ አገር የመጡ አይደሉም፤ የዚያው የአገሩ መንግሥት ንብረት ናቸው። ከከተማዋ ጠርዝ፣ ሰው ዘመዱን ከሚሸኝበትና ከሚቀበልበት ከዚያው ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ይነሳሉ፤ ገና ሳይርቁ ይዞራሉ፤ በከተማዋ ላይ ቦምብ ይጥላሉ፤ ተመልሰው ያርፋሉ፤ ጭነው ደግሞ ይነሳሉ። የሚነሱበት ድምፅ እዚህ ይሰማል፣ የሚያርፉበትም ይሰማል። ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ፣ ሽማግሌውን አዝሎ ወደ ድንበር ጎረፈ። መንደሩ በሁለት ሳምንት ባዶ ሆነ።

እነሱ ያልወጡት በሳማታር ምክንያት ነው። ወደ በርኬዱ፣ የዝናብ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ባልዲ ይዞ ሲሄድ ፍንጣሪ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቀደደው። ዴቆ በጨውና በፈላ ውሃ አጠበችው፣ የአልጋ አንሶላ ቀድዳ አሠረችው። በአምስተኛው ቀን ሽታው ግምጃ ቤቱን ሞላ። በስድስተኛው ጠዋት ፋሻውን ፈታ አይታ መልሳ አሠረችና ወንድምአገኝን ወደ በረንዳው ጠራችው።

«እየወጣ ነው፤ ጥቁሩ» አለች። «ጉልበቱን ካለፈ አበቃ።»

«ስንት ቀን?»

«ነገ ማታ ድረስ። ከዚያ በኋላ መኪናም አያስፈልገውም።»

ከድንበሩ ማዶ፣ በስደተኞቹ ሠፈር፣ የሚቆርጥ ሐኪም አለ ይባላል። በእግር ሦስት ቀን ነው። በመኪና፣ በደረቁ ወንዝ ገብቶ በረሃውን ዞሮ፣ አንድ ቀን። መኪናዋ አለች፣ ከፓምፖቹ ሥር የተደበቀ አንድ ጀሪካን ቤንዚንም አለ። ግን ባትሪ የላትም፤ የምትነሳው በማኖቬላ፣ ከፊት በኩል በሚገባው ብረት፣ በእጅ ተጠምዝዛ ነው። የግቢው በር መያዣ ብረቱ በፍንዳታ ወልቋል፤ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ድንጋይም አያቆመው፣ ሰው በጀርባው ካልደገፈው ራሱ ይዘጋል። መንዳት የሚችለው ደግሞ እግሩ የበሰበሰው ሰውዬ ብቻ ነው። ሌሊት እንዳይሞክሩ የሞተር ድምፅ ከኮረብታ ኮረብታ ይሰማል፤ ጥበቃዎቹ ያልፋል ያሉትን ሁሉ ይመታሉ። ቀን ተኩሱ ድምፁን ይውጠዋል፤ ቀን ግን አውሮፕላኑ አለ።

ሳማታር በትኩሳት ውስጥ ሆኖ ይሰማቸው ነበር።

«ወንዴ» አለ፣ «ጣሳውን አምጣ።»

«አሁን ጨዋታ ነው የሚታይህ?»

«አንተ ዳኛው፣ ስማኝ። ዘንዶው ሲነሳና ሲያርፍ ትሰማለህ አይደል? ተራ አለው ማለት ነው። ካረፈ በኋላ ደግሞ የኛ ተራ ነው። ስንት ይፈጃል?»

ወንድምአገኝ ባዶ የእጁን አንጓ አየ። ሰዓቱ ተወስዷል። በረንዳው ላይ ተቀምጣ የነበረችው ቤርሳቤህ ናት የመለሰችው።

«ሠላሳ ስድስት አባታችን ሆይ።»

ሁሉም ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ? ከፍርሃቴ ስጸልይ ቆጥሬው ነው። ሁለቱም ካረፉ በኋላ፣ ፊተኛው እስኪነሳ። አንድ ቀን ሠላሳ አምስት ሆኖ ነበር። ከዚያ ግን አይወርድም።»

ሳማታር ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «እትዬ፣ አንተ ነህ ዋናው ደጋሚ።»

«አንቺ ነሽ በል» አለች፤ እንደ ሌላው ጊዜ ጮክ ብላ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት፣ የመጨረሻዋ ቀን ስለነበረች፣ እንደ ዐርቡ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ በሽተኛው መሃል ተኝቷል። ወንድምአገኝ ደብተሩን ገለጠ።

«ሐሳብ ተናገሩ» አለ።

ዴቆ፦ «ሳማታርን ተሸክሜ አስቀምጣለሁ። ከእግሩ ሥር ሆኜ ፍሪሲዮኑን፣ የግራ እግሩን ፔዳል፣ በእጄ እጫናለሁ፤ ማርሹን እሱ ያስገባል።»

ሳማታር፦ «እነዳለሁ። ካልሞትኩ።»

ቤርሳቤህ፦ «በሩን በጀርባዬ ይዤ እቆጥራለሁ። መኪናዋ በአጠገቤ ስታልፍ ከኋላ እንጠለጠላለሁ።»

«እኔ ማኖቬላውን እጠመዝዛለሁ» አለ ወንድምአገኝ። «ሲነሳ ከኋላ እወጣለሁ። ከበሩ እስከ ወንዙ ግራሮች ስድስት ጸሎት በቂ ነው። እትዬ፣ ሃያ አምስት ላይ ሞተሩ ካልተነሳ ‹በቃ!› ብለሽ ጩኺ። ሳማታርን ጎትተን እንገባለን፤ የሚቀጥለውን ተራ እንጠብቃለን። እስክትጮኺ ድረስ ግን እኔ ከብረቱ አልነቃነቅም። ሌላ ምንም አልሰማም፣ አንቺን ብቻ።»

«እሺ ልጄ። በልቤ ነው የምቆጥረው፤ ጮክ ካልኩ ይጠፋብኛል።»

«ጠጠር ቢነካህስ?» አለ ሳማታር።

«አልነቃነቅም አልኩህ።»

«እንደ ስልክ እንጨት።»

«እንደ ስልክ እንጨት።»

ረፋዱ ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን አረፈ። የሞተሩ ድምፅ ሲሞት ቤርሳቤህ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ቆመችና ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሳማታርን ከግምጃ ቤት አውጥተው ሲያስቀምጡት እሪ ላለማለት ክንዱን ነከሰ። ዴቆ ከእግሩ ሥር ገብታ ተጠቀለለች። ወንድምአገኝ ብረቱን ሰክቶ ጠመዘዘ።

ምንም።

ደገመ። ምንም። እንደገና። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ሳለ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ጠፋ። ሲያመልጠው ማኖቬላው ወደ ኋላ ተመልሶ አውራ ጣቱን መታው፤ የተሰበረ መሰለው። የማርያም ያለህ! ነፍስ ዘርታ ነበር እኮ! ሳማታር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ያለችውን ጉልበት ሁሉ ሰብስቦ ጮኸ፦

«ድገም! ድገም!»

ወንድምአገኝ ደገመ። በግራ እጁ ያዘና ጠመዘዘ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ጠመዘዘ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጊዜው ረዘመበት፤ በጣም ረዘመበት። ግን ‹በቃ› አልተባለም። ቀና ብሎ በሩን አየ፤ ቤርሳቤህ ዓይኗን እንደጨፈነች ናት፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ፊቷ እንደ ሐውልት ነው። ‹ፍርሃት ነው ጊዜ የሚያስረዝመው› አለ ለራሱ። ወደ ብረቱ ተመለሰ። አንድ። ሌላ። ሌላ።

ተነሳች! ላንድሮቨሯ ተንቀጥቅጣ ጭስ ተፍታ ተነሳች። ሳማታር በአማርኛም በሶማሊኛም አላህን አመሰገነ። ወንድምአገኝ ብረቱን ነቅሎ ወደ ኋላ ሮጠ፣ በዝገቱ የተላጠውን የኋላ በር ይዞ ወጣ። ያኔ ነው፣ ከላንድሮቨሯ ድምፅ ሥር፣ ሌላ ድምፅ የሰማው። መጀመሪያ የራሳቸው ሞተር ማሚቶ መሰለው።

አልነበረም። ከአየር ማረፊያው እየተነሳ ነበር።

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ። «እትዬ፣ ነይ!»

ቤርሳቤህ ዓይኗን ገለጠች። ግራ የገባት ፊት ነበር፤ የፈራ ፊት አልነበረም። ከንፈሯም አልቆመም። ዴቆ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፣ መኪናዋ ዘለለች፣ በበሩ በኩል ወጣች። ወንድምአገኝ እጁን ዘረጋላት። እሷም ዘረጋች። ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሰማዩ በላያቸው ተቀደደ፤ የጎረቤቱ ግንብ ብድግ ብሎ፣ እንደ ጋቢ ተጣጥፎ፣ በሩም ሴትየዋም ላይ ተቀመጠ።

መኪናዋ አልቆመችም። ብትቆም አትነሳም። ይህን አራቱም ያውቁ ነበር፤ ሳማታርም በመስታወቱ እያየ፣ እያለቀሰ፣ ወደ ወንዙ ነዳ። በመጽሐፉ ሕግ ሐሳቡን የተናገረ ሰው አይለውጥም። ወንድምአገኝ ለወጠ። ከሚሄደው መኪና ላይ ዘለለ፤ ላንድሮቨሯ ያለ እሱ ወደ ግራሮቹ ጥላ ስትገባ ለማየት እንኳ አልዞረም።

ቤርሳቤህን ከወገቧ በላይ አገኛት። ከወገቧ በታች ግንብ ነበር። ማኖቬላው አሁንም እጁ ላይ ነው፤ በእሱ ድንጋዩን ሊፈነቅል ሞከረ። አንዱን ሲያነሳ ሁለት ይወርዳል። አውሮፕላኑ ራቅ ብሎ ዞረ፣ ሌላ ሠፈር ላይ ጣለ።

«ገና ነው» አለች ቤርሳቤህ። ፊቷ ነጭ አቧራ ለብሷል። «ምነው ቀደመ? ገና እኮ ነው፣ ልጄ። ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ነኝ።»

«ዐሥራ ዘጠኝ?»

«ዐሥራ ሰባት ደርሼ ነበር። ያ ልጅ ‹ድገም› አለኝ። ከራሱ፣ ከአንድ ጀመርኩ።» ትንፋሿን ፈለገች። «አልነበረም እንዴ? ተራው እንደ አዲስ የተጀመረ መስሎኝ...»

ወንድምአገኝ እጁ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ዐሥራ ሰባትና ዐሥራ ዘጠኝ። ሠላሳ ስድስት። ‹በቃ› መባል የነበረበት ቆጠራ ካለፈ ቆይቷል፤ እሷ ግን እንደ ዐርቡ፣ ‹ድገም› ስትባል ዓይኗን ጨፍና ከራሱ ጀመረች። ሳማታር መቼ ‹ድገሚ› ብሏት ያውቃል! ቃሉን የጮኸው ሳማታር ነው፣ የሰማችው እሷ ናት። መርጦ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው ግን አንድ ሰው ነው፤ ቀይረው ሲባልም «ውብ ቃል ነው» ያለው።

«ልክ ነሽ፣ እትዬ» አላት። «ልክ ነው የቆጠርሽው።»

«ልጆቹ ወጡ?»

«ወጡ። ግራሩ ጋ ደርሰዋል።»

«ተመስገን። አንተ ምን ታደርጋለህ እዚህ? ሂድ እንጂ!»

«አልሄድም።»

«ደንቆሮ» አለችው፣ በፍቅር። ቆየት ብላ፣ «ዳዊቴ ወጥ ቤት ነው። አታመጣውም፤ ድንጋዩን ከለቀቅከው ይወርዳል። በቃሌ እላለሁ። አንተ ተከተለኝ።»

«እኔ አላውቀውም፣ እትዬ። ሁሉንም ረስቼዋለሁ።» እውነቱን ነው፤ በዚያ በመፈክር ዘመን ያደገ ሰው ነው፣ ከእናቱ የተማረውን ሁሉ ዓለማያ ላይ አራግፎት ነበር።

«ማወቅ አያስፈልግህም። እኔ እላለሁ፣ አንተ ድገም።»

እሷ አለች፣ እሱ ደገመ። ትከሻውን ለድንጋዩ ሰጥቶ፣ ግማሹን ሳይገባው፣ ቃል በቃል ደገመ። ሁለተኛው አውሮፕላን ተነሳ፤ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ፍንጣሪ ከበሩ ብረት ላይ ነጥሮ ክንዱን ጫረው፤ አልተነቃነቀም። ስንኞቹ እያጠሩ መጡ። ከዚያ አንድ ስንኝ አለችና ዝም አለች። እሱም ደገመው። ቀጣዩን ጠበቀ። አልመጣም። ያንኑ ደገመው፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ደገመው። ፀሐይዋ ከግንቡ ስብርባሪ ወደ ማዶ እስክትዞር ያችኑ አንዲት ስንኝ ይደግም ነበር።

እዚያው፣ በበሩ ሥር፣ በአካፋ ቀበራት። ዳዊቷን ራስጌዋ አደረገው። በቀጣዮቹ ቀናት ከሚሰደደው ሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ድንበር ተጓዘ፤ የማያውቃትን አሮጊት አዝሎ፣ ከማያውቀው ሰው ጀሪካን ውሃ ጠጥቶ። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ በስደተኞቹ ሠፈር፣ በሸራ ድንኳን ውስጥ ሳማታርን አገኘው።

እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። በሕይወት አለ። ዴቆ አጠገቡ ተቀምጣ ፋሻ ታጥብ ነበር፤ ወንድምአገኝን ስታይ ተነስታ አንድም ቃል ሳትናገር ውሃ ሰጠችው።

ሳማታር ለረጅም ጊዜ አየው። ብቻውን መምጣቱን አይቷል፤ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቆይቶ፣ «ወንዴ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ስንት ላይ ነበረች? እኔ መሪውን ይዤ እያሰብኩ ነበር፤ ጊዜው ተርፎናል ብዬ... አንተ መጨረሻ ላይ አጠገቧ ነበርክ። ስንት ላይ ነበረች?»

ዴቆ ፋሻውን ማጠብ አቆመች።

ወንድምአገኝ ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ። «ሃያ አራት» አለ። «አንድ ነው የቀራት። ‹በቃ› ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እሱ ነው፣ አውሮፕላኑ፣ ተራውን ሳይጠብቅ የተነሳው።»

«ተራውን ሳይጠብቅ» አለ ሳማታር፣ ቀስ ብሎ።

«ሳይጠብቅ።»

ዴቆ ወንድምአገኝን ቀና ብላ አየችው። ፍሪሲዮኑ ሥር ተጠቅልላ ሳለች ከራሷ በላይ የተጮኸውን ቃል የሰማች እሷ ናት። አየችው፣ አየችው፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ፋሻዋን ማጠብ ጀመረች።

«ደብተሩስ?» አለ ሳማታር። «ሰማያዊው። እሱ እንኳ ተረፈ?»

«እዚያው ተቃጠለ» አለ ወንድምአገኝ።

ሸሚዙ ውስጥ፣ ሆዱ ላይ ነበር፤ በላቡ ርሶ ቀዩ ቀለም ቆዳው ላይ ወጥቷል።